መሪውን የያዘው ማነው? ከሩቅ ስለሚነዱ መኪናዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አጎቴ ከሃያ ዓመት በላይ አይሱዙ ነድቷል። አብዛኛውን ጊዜ ከአዲስ አበባ ተነስቶ፣ በደብረ ብርሃን አድርጎ እስከ ደሴ ነው የሚጭነው። ባለፈው ፋሲካ ቤት ተሰብስበን ሳለ፣ ወንበሩ ባዶ የሆነ መኪና መሪው ለብቻው እየዞረ ሲሄድ ስልኬ ላይ አሳየሁት። ቪዲዮውን ሁለቴ አየው። ከዚያ "ማነው የያዘው?" አለኝ። እንዴት ይሠራል አላለም፣ ስንት ያወጣል አላለም። ከዚያ ወዲህ ይህን ነገር ያነሳሁላቸው ሰዎች ሁሉ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም መናኸሪያ ያሉ ሹፌሮችም፣ ዞረው ዞረው እዚችው ጥያቄ ላይ ይደርሳሉ። እኔም ዋናዋ ጥያቄ እሷ ናት ብዬ አምናለሁ፤ የምመልሰውም በእሷ ዙሪያ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመቶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

"በሪሞት የሚነዳ መኪና" ሲባል ምን ማለት ነው?

ሹፌር አለው። መጀመሪያ መያዝ ያለባችሁ ነገር እሱ ነው። ሹፌሩ ግን መኪናው ውስጥ የለም፤ ሌላ ቦታ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ፣ መሪ ይዞ፣ ፔዳል እየረገጠ፣ መንገዱን ስክሪን ላይ ያያል። ራሱን የሚነዳ መኪና ሌላ ነው። እሱ ላይ መቼ እንደሚቆም፣ ማንን እንደሚያሳልፍ የሚወስነው ኮምፒውተሩ ነው። ሰዎች ሁለቱን የሚያምታቱት ከውጭ ሲታዩ አንድ ስለሆኑ ነው፤ ሁለቱም ጋ ወንበሩ ባዶ ነው።

ሹፌሩ ክፍሉ ውስጥ ሆኖ ምን ያያል?

መኪናው ላይ ዙሪያውን ካሜራ ይገጠማል። ምስሉ በሞባይል ኔትወርክ ተልኮ ሹፌሩ ፊት ባሉት ትልልቅ ስክሪኖች ላይ ይወጣል፤ ስፖኪዮው የሚያሳየውም እዚያው አለ። የመንገዱ ድምፅ በጆሮ ማዳመጫ ይመጣለታል፣ የአምቡላንስ ጩኸት እንዳያመልጠው። መሪውን ሲያዞር፣ ፍሬን ሲረግጥ፣ ፍሬቻ ሲያበራ ትእዛዙ በዚያው ኔትወርክ ተመልሶ መኪናው ላይ ይፈጸማል። ምስል ይመጣል፣ ትእዛዝ ይሄዳል። ይህ ምልልስ በሰከንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል።

አዲስ ፈጠራ ነው እንዴ?

አይደለም። በ1925 ፍራንሲስ ሁዲና የሚባል ሰው ኒውዮርክ ብሮድዌይ ላይ ማንም ያልተቀመጠበት መኪና በሬዲዮ አስነድቷል። የሚቆጣጠረው ሰው ከኋላ በሌላ መኪና ይከተል ነበር። መኪናው መጨረሻው ሌላ መኪና መግጨት ሆነ።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ሶቪየቶች በ1970 ጨረቃ ላይ ያወረዱት ሉኖሆድ 1 ነው። ክሪሚያ ውስጥ የተቀመጡ አምስት ሰዎች ናቸው በቡድን የሚነዱት። ሬዲዮ ጨረቃ ለመድረስ 1.3 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፣ ለመመለስም ያንኑ ያህል። ስለዚህ ድንጋይ ፊታቸው ድቅን ሲል ያዩት ነገር ያለፈ ነገር ነው፤ የሚረግጡት ፍሬንም ወደፊት ነው የሚደርሰው። እንደዚያም ሆኖ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ነዱት። በምን? በዝግታ። ይህቺን መልስ ያዙልኝ፣ ወደ በኋላ እመለስባታለሁ።

ኔትወርኩ ቢዘገይስ? እኛ ቪዲዮ ኮል እንኳ እየቆመብን ነው።

ዋናው ነገር ይኼ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ልጅ ሆኜ ክረምት ላይ ከአጎቴ ጋር ሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ለመጫን ወርጄ አውቃለሁ። መኪናውን ወደ ኋላ መልሶ መጋዘኑ በር ድረስ ማስጠጋት ነበረበት። አጎቴ ከኋላ ያለውን አያይም። የሚያየው ረዳቱ ነው። ረዳቱ የካሶኒውን ጎን በመዳፉ እየመታ "ና! ና! ና! ትንሽ ግራ! ና! በቃ!" ይላል። ጆሮዬ ላይ አሁንም አለ። ልብ ያልኩት ነገር ቢኖር ግን፣ ረዳቱ "በቃ!" የሚለው ግድግዳው ገና አንድ እርምጃ ሲቀረው ነበር። ቃሉ ከአፉ ወጥቶ፣ አጎቴ ሰምቶ፣ እግሩ ፍሬን ላይ ወርዶ፣ መኪናው እስኪቆም ያቺ እርምጃ ታልቃለች። አዲስ ረዳት ሲመጣ መጀመሪያ የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው፤ ግድግዳው ጋ ሲደርስ ይጮሃል፣ ከዚያ ግጭት።

ከሩቅ መንዳት ላይ ያለው መዘግየት ይኸው ነው። በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ምስሉ መጥቶ ትእዛዙ እስኪመለስ ከሰከንድ አንድ አምስተኛው ቢያልፍ፣ መኪናው ሹፌሩ ሳያዝዘው ከሦስት ሜትር በላይ ይሄዳል፤ የሹፌሩ የራሱ መደንገጫ ጊዜ ገና ሳይቆጠር። ፍጥነቱን ወደ 20 ብታወርዱት ያው መዘግየት አንድ ሜትር ከትንሽ ትሆናለች። ለዚህ ነው የጨረቃዋን መልስ ያዙልኝ ያልኳችሁ። መዘግየትን ሙሉ በሙሉ ማጥፋት አይቻልም፣ ፍጥነት ቀንሶ ማስታገስ ግን ይቻላል።

ደግሞ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ርቀቱን ሲፈራ ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ 1,000 ኪሎ ሜትር ለመሄድ አንድ ሰከንድ ለሺህ ቢከፈል አምስቱ ገደማ ይበቃዋል። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ለፋይበር ምንም ማለት ነው። ጊዜ የሚበላው ካሜራው ምስሉን ሲይዝ፣ ኮምፒውተሩ ምስሉን ሲያምቀውና ሲፈታው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ መኪናውና የኔትወርክ ታወሩ መካከል ያለው አየር ላይ ነው። በገበያ ቀን አንዱን ታወር ሺህ ሰው ሲጋራው ወረፋ ይፈጠራል። ከዘገየ ኔትወርክ ይልቅ የሚያስቸግረው አንዴ ፈጥኖ አንዴ የሚንቀረፈፈው ነው። ሁልጊዜ እኩል የሚዘገይ ከሆነ ሹፌር ይለምደዋል፣ ያ ረዳት እርምጃዋን እንደለመዳት። የሚለዋወጥ ከሆነ ግን በምን ይለመዳል?

ጭራሽ ቢቋረጥስ?

መኪናው ራሱን ማቆም አለበት። በሚገባ የተሠሩት ከአንድ በላይ ሲም ካርድና ከአንድ በላይ ኔትወርክ በአንዴ ይጠቀማሉ፣ አንዱ ሲደክም በሌላው ለመቀጠል። ሁሉም ከጠፋ መኪናው ያለ ማንም ትእዛዝ ፍጥነቱን ቀንሶ ይቆማል።

ወረቀት ላይ ሲነበብ ያረካል። አሁን ግን ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋ ሮቢት የሚያወርደውን ጣርማ በርን አስቡት። ጭጋጉ ሲወርድ የራስህን መብራት እንኳ መልሶ ፊትህ ላይ ነው የሚያበራብህ። ጣሊያን የሠራው ዋሻ ውስጥ ስትገቡ ስልካችሁን እዩት፣ የኔ ሲግናሉ ይጠፋል። ዋሻው ውስጥ ወይም ከዋሻው በታች ካሉት ጥምዝምዞች አንዱ ላይ፣ ቁልቁል የሚወርድ ተሳቢ ከኋላ እየመጣ፣ መሀል መንገድ ላይ ቀጥ ብሎ መቆም ደኅንነት ነው ወይ? አይደለም። ሹፌሮቻችን ያውቁታል፤ መኪና ሲበላሽባቸው ከምንም በፊት ቅጠልና ድንጋይ ከኋላ የሚደረድሩት ለዚህ ነው።

"ቆሞ ጥግ መያዝ" ሁልጊዜ ትክክል አለመሆኑን ሳን ፍራንሲስኮም አይታዋለች። ኦክቶበር 2023 ላይ አንዲት እግረኛ በሌላ፣ ሰው በሚነዳው መኪና ተገጭታ ክሩዝ የሚባለው ድርጅት ራሱን የሚነዳ መኪና ፊት ወደቀች። የክሩዙ መኪናም ገጫትና ቆመ። ከዚያ ጥግ ልያዝ ብሎ ሲንቀሳቀስ ሴትዮዋ ሥሩ ነበረች፣ ስድስት ሜትር ያህል ጎተታት። መኪናው የታዘዘውን ነው ያደረገው። ሥሩ ሰው መኖሩን ግን አላወቀም። ይህን ታሪክ የማነሳው ለማስፈራራት አይደለም፤ ሲቋረጥ ምን ይደረግ የሚለው ጥያቄ ሲሠራ እንዴት ይሠራ ከሚለው እኩል መታሰብ እንዳለበት ስለማምን ነው።

አሁን በእውነት የሚሠራበት አገር አለ?

አለ። ቫይ የሚባለው የበርሊን ድርጅት በ2023 ሃምቡርግ ላይ ውስጡ ማንም የሌለበትን መኪና በሕዝብ መንገድ ከሩቅ ነድቷል። ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ ደግሞ ላስ ቬጋስ ውስጥ ለገበያ እየሠራበት ነው። አሠራሩን ስሙኝ፣ ብልህ ነው። መኪና ስትፈልጉ በስልክ ታዛላችሁ፤ የርቀት ሹፌሩ ባዶውን መኪና በራችሁ ድረስ ያመጣዋል፤ ከዚያ ራሳችሁ ትነዱታላችሁ። የምትሄዱበት ስትደርሱ ትወርዳላችሁ፣ ፓርኪንግ የለ ምን የለ፣ እሱ ተቀብሎ ይወስደዋል። ልብ በሉ፣ ከሩቅ የሚነዳው መኪናው ባዶ ሲሆን ብቻ ነው።

ስዊድን ውስጥ አይንራይድ የሚባል ድርጅት በ2019 ዮንሾፒንግ ከተማ ላይ፣ የሹፌር ጋቢና ጭራሽ የሌለው የኤሌክትሪክ ጭነት መኪና በመጋዘንና በተርሚናል መካከል አስጀመረ። የሕዝብ መንገድ ላይ የተፈቀደለት ፍጥነት በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ነበር። ሰው በእግሩ ይቀድመዋል። እኔ ግን ያከበርኳቸው በዚህ ነው፤ ከቻሉት ጀመሩ።

ሁሉም አልቀናውም። አሜሪካ ውስጥ ፎርክሊፍትና ሌሎች ተሽከርካሪዎችን ከሩቅ ያስነዳ የነበረው ፋንተም አውቶ በ2024 ተዘግቷል።

ራሱን ወደሚነዳ መኪና መሸጋገሪያ ነው የሚባለው ለምንድነው?

ሁለት ምክንያት ይቀርባል። አንዱ፣ ሰው ከሩቅ ሲነዳ ካሜራው ሁሉንም ይቀዳል፤ ኮምፒውተሩ ከዚያ ይማራል። መጀመሪያ ቀላሉን፣ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ መሄድን ይረከባል፤ ሰውየው ከባዱን ይይዛል። ቀስ እያለ አንድ ሰው ሁለት መኪና፣ አምስት መኪና መከታተል ይጀምራል። ሐሳቡ ይህ ነው።

ሁለተኛውን እኔ የበለጠ አምንበታለሁ። "ራሱን የሚነዳ" የምንለውም መኪና ሰው አለው። ዌይሞ የሚባለው የአሜሪካ ድርጅት ራሳቸውን የሚነዱ መኪናዎች ግራ ሲገባቸው ሩቅ ያለ ሠራተኛ ይጠይቃሉ፤ "ይህ መንገድ ዝግ ነው? በዚህ ልለፍ?" ዓይነት ጥያቄ ነው። ሠራተኛው መሪ አይዝም፣ ይመክራል፤ የሚወስነው መኪናው ነው። የክሩዝ የወቅቱ ኃላፊም በ2023 መኪናዎቹ ውስብስብ በሆነ ከተማ ውስጥ ከ2 እስከ 4 በመቶ የሚሆነውን ጊዜ የሰው እርዳታ እንደሚያገኙ ተናግረው ነበር።

እኛን የሚመለከት አንድ ምሳሌ ልጨምር። ዲሴምበር 2025 ሳን ፍራንሲስኮ ሰፊ የመብራት መቋረጥ ገጠማት፣ የትራፊክ መብራቶችም ጠፉ። የዌይሞ መኪናዎች የጠፋ መብራት ያለበት መስቀለኛ መንገድ ላይ እንዴት እንደሚያልፉ ተምረዋል፤ ግን ብዙዎቹ በአንዴ ለማረጋገጥ ወደ ሰው ሲጠይቁ ጥያቄው ተከማቸ፣ መኪናዎች መንገድ ላይ ቆሙ፣ አገልግሎቱም ለጊዜው ተቋረጠ። መብራት መሄድ ለኛ የሳምንቱ ነገር ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ስንት መኪና ይከታተል የሚለው ቁጥር በደህናው ቀን ሳይሆን በክፉው ቀን ነው መሰላት ያለበት።

አጎትህ ምን አለ?

ሁሉንም ካስረዳሁት በኋላ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ፣ እስካሁን ከሰማኋቸው ሁሉ ይበልጥብኛል። "ፍሬን ሲሸትስ በምን ያውቃል?"

ከጣርማ በር ወደ ሸዋ ሮቢት ስትወርዱ በአጭር መንገድ ከ1,500 ሜትር በላይ ከፍታ ትጥላላችሁ። ጆሮ ይደፈናል፣ ብርዱ ወደ ሙቀት ይቀየራል። የጫነ መኪና ይህን ቁልቁለት በፍሬን ብቻ ሊወርደው ቢሞክር ፍሬኑ ይግልና መያዝ ያቆማል። ልምድ ያለው ሹፌር በከባድ ማርሽ ነው የሚወርደው፣ በሞተር እያስያዘ። እንዲያም ሆኖ አፍንጫው ክፍት ነው። ያቺ የተቃጠለ ጎማ የምትመስል ሽታ ብቅ ስትል ጥግ ይዞ ያቆማል፣ ያበርዳል። የሚሰማው ግን በአፍንጫው ብቻ አይደለም። ፔዳሉ ከወትሮው ትንሽ ጠለቅ ሲል በእግሩ፣ ጭነቱ ወደ ፊት ሲገፋ በጀርባው ያውቀዋል።

ክፍል ውስጥ ያለው ሹፌር ይህ ሁሉ የለውም። ስክሪን ላይ ቁልቁለት ሜዳ ይመስላል። የፍሬን ሙቀት የሚለካ ሴንሰር ገጥሞ ቁጥሩን ማሳየት ይቻላል፣ ወንበሩ እንዲንቀጠቀጥ ማድረግም ይቻላል። ግን መጀመሪያ አንድ ሰው ምን መለካት እንዳለበት ማወቅ አለበት፣ ያንን የሚያውቁት ደግሞ እንደ አጎቴ ያሉ ሰዎች ናቸው። ይህን ቴክኖሎጂ እዚህ ለማምጣት የሚያስብ ማንም ሰው ኮምፒውተር ከመክፈቱ በፊት ጋቢና ውስጥ ገብቶ ደሴ ድረስ ቢሄድ ደስ ይለኛል።

ሰው ቢገጭ ማን ይጠየቃል?

ጀርመን ከዲሴምበር 1, 2025 ጀምሮ ከሩቅ መንዳትን ለአምስት ዓመት ሙከራ ባወጣችው ደንብ ፈቅዳለች። የእንግሊዝ የሕግ ኮሚሽን ደግሞ በ2023 ባወጣው ምክር ላይ የርቀት ሹፌሩ ከአቅሙ በላይ በሆነ ነገር፣ ለምሳሌ ኔትወርክ ተቋርጦ ለደረሰ አደጋ፣ መከሰስ የለበትም ብሏል፤ ኃላፊነቱ ወደ ድርጅቱ ይሂድ ነው የሚለው። ተጎጂውም ጥፋተኛው እስኪለይ ሳይጠብቅ እንዲካስ ይመክራል።

ትክክል ይመስለኛል። እኛ ጋ አደጋ ሲደርስ መጀመሪያ የሚታሰረው ሹፌሩ ነው። ታወር ስለወደቀ የተፈጠረ አደጋ አንድ ወጣት ላይ ሲጫን ማየት አልፈልግም። የሦስተኛ ወገን መድን አዋጃችን (ቁጥር 799/2005፣ ይህ ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው) መድን የሌለው ተሽከርካሪ መንገድ ላይ እንዳይወጣ ያስገድዳል፤ ጥሩ መነሻ ነው። ግን "አሽከርካሪ" የሚለው ቃል መኪናው ውስጥ የሌለን ሰውም ይጨምር እንደሆነ በግልጽ መጻፍ አለበት።

የሹፌሮችን እንጀራ አይነጥቅም?

ራሱን የሚነዳው ሊነጥቅ ይችላል፤ ይህን ለሹፌር ልጆች ደብቄ አልናገርም። ከሩቅ የሚነዳው ግን ሹፌር ይፈልጋል። ደግሞ የሹፌርን ሕይወት የሚያውቅ ሰው ሌላም ነገር ያያል። አጎቴ ሁለት ልጆቹ ሲወለዱ መንገድ ላይ ነበር። ወገቡ አልቋል። ስምንት ሰዓት ሠርቶ፣ በሌላ ሰው ተተክቶ፣ ማታ ቤቱ ገብቶ እራቱን የሚበላ ሹፌር መኖር መቻሉ ለኔ ትንሽ ነገር አይደለም። የሚያሰጋኝ አንድ ሰው ብዙ መኪና ሲይዝ ነው፤ ያኔ የሚቀነሱት ሰዎች ቁጥር ግልጽ ነው።

ደብረ ብርሃን ተቀምጦ ውጭ አገር ያለ መኪና መንዳት ይቻላል?

በቴክኒኩ ይቻል ይሆናል። በሕግ በኩል ግን የእንግሊዙ ኮሚሽን ከውጭ አገር መንዳት እንዲከለከል ነው የመከረው፤ ያ ሹፌር ቢያጠፋ ማን ይይዘዋል ከሚል። "ዶላር እየተከፈላችሁ ከቤት ትነዳላችሁ" ብሎ የሥልጠና ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ካለ አትክፈሉ።

እኛ ጋ መጀመሪያ የት ሊሠራ ይችላል?

አጥር ውስጥ። የደብረ ብርሃን ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ የቢራና የብርድ ልብስ ፋብሪካዎቹ ግቢ። መንገዱ የታወቀ ነው፣ ፍጥነቱ ዝቅተኛ ነው፣ የራስን ኔትወርክ መትከል ይቻላል፣ ጋሪና በግ አይገባም። ከአጥሩ ውጭ ግን ፈረስ፣ ባጃጅ፣ ቅዳሜ ገበያ የሚወርድ ሰው አለ፤ ከመንዜ እረኛ ጋር በዓይን ተግባብቶ መንጋ ማሳለፍን ካሜራ ገና አልተማረም።

የኤሌክትሪክ መኪና መብዛቱም ያግዛል። ከ2024 ወዲህ ነዳጅ የሚጠቀም የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ አዲስ የሚመጡት ኤሌክትሪክ ናቸው። በአብዛኛው መሪያቸውም ፍሬናቸውም በኤሌክትሪክ ስለሚታገዝ ከኮምፒውተር ጋር ማገናኘቱ ይቀላል። የአጎቴን አይሱዙ ለማገናኘት ግን ግማሹን መፍታት ሊያስፈልግ ነው።

ተማሪ ነኝ፣ በምን ልጀምር?

መዘግየትን በመለካት። ሦስት ስልክና አንድ ፎቶ ማንሻ ይበቃል። በአንደኛው ስልክ ላይ የሰከንድ መቁጠሪያ ክፈት። ሁለተኛውን ከጓደኛህ ስልክ ጋር ቪዲዮ ኮል አገናኝና ካሜራውን ወደ መቁጠሪያው አዙር። የጓደኛህን ስልክ አምጥተህ ከመቁጠሪያው ጎን አስቀምጠው፣ ሁለቱን አንድ ላይ በሌላ ስልክ ወይም ካሜራ ፎቶ አንሳ። ፎቶው ላይ ሁለት የተለያየ ቁጥር ታያለህ። ልዩነታቸው የምስሉ መዘግየት ነው። ሁለቱ ስልኮች በአንድ ዋይፋይ ላይ ከሆኑ አይጠቅምህም፤ ሁለቱም በሞባይል ዳታ ይሁኑ። ጠዋት አንሳ፣ ማታ ሁሉም ስልኩ ላይ ሲሆን አንሳ፣ ቅዳሜ ገበያው መሀል ቆመህ አንሳ፣ ጣርማ በርም ከወጣህ እዚያ። በየቦታው ሃያ ሃያ ፎቶ ይበቃል። ደብተርህ ላይ አማካዩን ጻፍ፣ ከሥሩ ደግሞ የከፋውን ጻፍና አስምርበት፤ የመኪናውን ፍጥነት የምትወስነው በከፋው ነው።